መቀነታችንን ፈትተን ጉማራን የተሻገርንበት ጳጉሜን

ወሬው የደረሰኝ በቡሄ ዕለት ነው። ዘመኑ የጣልያን ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ተሠርቶ፣ በቅሎ ያለው ሁሉ በቅሎውን የሚደብቅበት ዘመን። ልጆቹ ከቤታችን በታች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ እኔ ለሚጨፍሩት የምሰጠውን ሙልሙል በሰፌድ ይዤ ደጅ ወጥቻለሁ። አንድ የበግ ጸጉር ባና የደረበ መንገደኛ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያየኛል። አገሬ መንዝ ነው፤ የመንዝ ሰው ባና አደራረብ ከሩቅ አይጠፋኝም። አማተብኩ። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ መርዶ ይዞ ነውና።

«እታለም፣ የመሪጌታ ይሄይስ ቤት ይህ ነው?»

«ነው፤ ይግቡ። ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ! እናትሽ እንደምን ሰነበትሽ ብለውሻል።»

«ከመንዝ መቼ ተነሡ?»

«መንዝ ምን ወሰደኝ? የመጣሁት ከወንዛዬ ነው። እናትሽም እዚያው ናቸው፤ ከፍል ውኃው ገብተው ጉልበታቸውን እየዘፈዘፉ።»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ሙልሙሉን ተራኮቱበት፤ እንዲህ ያለ የተትረፈረፈ ቡሄ አይተው አያውቁም።

ሰውየው ባና ነጋዴ ነው። አስገብቼ ካበላሁት በኋላ ነገሩን ዘርዝሮ አወጋኝ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ክረምት ሳይገባ ከመንዝ ሴቶች ጋር በጎጃም አድርጋ መጥታለች። አሳቧ ዋልድባ ወርዳ ቆብ ልትደፋ ነው። ጉልበቷ ቢይዛት ወንዛዬ ላይ ቀርታ ክረምቱን በፍል ውኃው ታከመች። ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤልን ጸበል ተጠምቃ በማግሥቱ ወደ ጎንደር ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋር ትነሣለች። «ዳገት አልወጣም፤ ብትችል እሷ ትውረድ። ካልቻለች ካለሁበት ሆኜ እመርቃታለሁ» ብላለች።

ይህን የምጽፈው የጉማራን ወንዝ ላላያችሁትና ለማታዩት ለአገሬ ሰዎች ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሪጌታ አቋቋም ሊያስተምር መንዝ መጥቶ እኔን አግብቶ ወደ አገሩ ካመጣኝ ወዲህ የእናቴን ዓይን አላየሁም። ዋልድባ የገባች መነኩሲት ደግሞ ልጄን ልይ ብላ አትወጣም። ስለዚህ ከቡሄ እስከ ሩፋኤል ያለው ጊዜ ነበር ያለኝ።

ባና ነጋዴው ሲወጣ፣ «ጉማራ ሞልቷል፤ እኔን ዋናተኛ ነው ያሻገረኝ። ደኅና መጫኛ ያዙ፤ ያለ መጫኛ አይሞከርም» አለኝ። ይህችን ቃል በልባችሁ አኑሯት።

ዝግጅቱ

በክረምት የሚጭን ሰው እብድ ነው ይላሉ እዚህ። እኛ አገርም ይላሉ፤ ግን የመንዝ ጭቃ ብርድ ነው እንጂ ጥልቀት የለውም። የዚህ አገር ጭቃ ጫማ ያወልቃል፣ ቀጥሎ ጫማ ያደረገውን።

ባሌ ወሬውን ሲሰማ፣ «እኔ የዘመን መለወጫን ማኅሌት ትቼ፣ ተማሪም በትኜ አልሄድም። አንቺን ግን አልከለክልም፤ እናት አንድ ናት» አለኝ። ከጓዳ እናቱ ድምፃቸውን አሰሙ።

«እኔም የሚያመኝ ጉልበት አለኝ እኮ!»

አማቴ እሜቴ ዘርፌ ናቸው። ከደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ ርቀው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም፤ እኔን ሲጠሩኝ ደስ ያላቸው ዕለት «ምራቴ»፣ የከፋቸው ዕለት «አንቺ መንዜ» ነው።

«እሜቴ፣ መንገዱ ክፉ ነው» አልኩ።

«ላንቺ እናት መልካም የሆነ መንገድ ለኔ ክፉ ሊሆን ነው? ደግሞስ ምራት ሰጥታኝ ፊቷን ያላየኋት ሴት ናት፤ ስመነኩስ ነው የማገኛት?»

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ጭነት የሚነዳልን አያ ጫኔን ያዝን። አያ ጫኔ ወጣትነቱን በሙሉ ጨው ሲነዳ የኖረ፣ አሁን እርሻ ላይ የተቀመጠ ጎረቤታችን ነው። አንድ የጭነት ፈረስ የሱ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ የእሜቴ። በቅሎዋ ጣልያን እንዳያያት ከጓዳችን ከእህል ጎታው ጎን ነበር የምትኖረው፤ እኛ ስንጸልይ እሷ ታኝካለች።

ስንቅ ማሰናዳት የኔ ሥራ ነበር፤ በዚህም እመካ ነበር። እናቴ ያስተማረችኝ ሥራ ነውና። በሶ ፈጨሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ሽሮውን በድልህ አሸሁ፣ ተልባውን ወቅጬ በቅል አደረግሁ። መጫኛውን፣ ያንን ረጅሙን የበሬ ቆዳ ጠፍር፣ እንዲለሰልስ ሞራ አጠጣሁት። ሞራ የጠጣ ጠፍር ደግሞ ለአይጥ ድግስ ነው። እንዳይበሉብኝ ከማገሩ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ጥንቃቄዬን አያችሁ?

አያ ጫኔ በመጨረሻው ቀን ጭነቱን ዞሮ አየና፣ «እታለም፣ ቀስ በይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ። ሳቅሁበት። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል ብዬ ነበር።

ነሐሴ ሠላሳ

ንጋት ላይ ተነሣን። በቅሎዋን ከኬላው ለማሳለፍ አያ ጫኔ አንድ ዘዴ ነበረው፤ የፊት እግሯን በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለና እርድ በዘይት ለውሶ ቀባው። መግል የያዘ ቁስል መሰለ። እኔ ለነፍስ አባቴ ውሸት እንደማልናገር ቃል ስላለብኝ ጭንቅ ያዘኝ። አያ ጫኔ ግን፣ «ጨርቅ ጠቀለልን እንጂ አንካሳ ናት ማን አለ?» አለኝ። ይህ ትምህርት ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ መሪጌታን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ኬላው ላይ የቆመው ዘበኛ የአገራችን ሰው ነው፤ የጣልያንን ቀለብ ቢበላም አንጀቱ የኛው ነው።

«ቁሙ! ይህች በቅሎ ምን ሆነች?»

«እንግዲህ እንደምታያት ነው ጌታዬ» አለ አያ ጫኔ።

እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ፤ ፊቱ ተጨማደደ።

«እናንተ ሰዎች እግዜርን አትፈሩም? በዚህች በሽተኛ ላይ ሰው ጭናችሁ! ይውረዱ እማማ!»

«እኔስ በሽተኛ አይደለሁም ወይ?» አሉ እሜቴ ከኮርቻው ላይ።

«አንቱ ቢያምዎት ምላስ አለዎት፤ ይናገራሉ። እሷ በምን ትናገር?»

አወረዳቸው። ከዚያም እስክንርቅ ድረስ ከኋላ ቆሞ አየን። እሜቴ እኔንና አያ ጫኔን ይዘው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። በቅሎዋ ጭነት ሳይኖርባት ከኋላችን እየተንጎማለለች ትመጣለች።

«ምራቴ» አሉኝ መታጠፊያውን አልፈን ከበቅሎዋ ላይ መልሰን ስናስቀምጣቸው፣ «ፍል ውኃ የምንወርደው የማንን ጉልበት ልናድን ነው? የኔን ወይስ የሷን?»

ከዚህ በኋላ አንዲት ትንሽ ወንዝ ተሻገርን። ማዶ ወጥተን አያ ጫኔ የፈረሱን ጭነት ሊያጠብቅ ሲል እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። መጫኛው! ጭነቱን ያሰርነው በአጭር ጠፍር ነው፤ ለወንዙ ያሰናዳሁት ረጅሙ ከማገሩ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከአይጥ ያዳንኩት ከራሴም አድኜው።

«ልመለስ» አልኩ።

«አትመለሽም!» አሉ እሜቴ። «ውኃ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ኋላ አይልም። ከተመለስሽ የመንገዱን ደግ ነገር ሁሉ ትመልሽብናለሽ። የኔ አባት እንዲህ ተመልሶ ነው ወንድሙን በሕይወት ሳይደርስበት የቀረው።»

ይህ እኛም አገር ያለ ነገር ነው፤ እናቴም ብትሆን አታስመልሰኝም ነበር። አያ ጫኔም ራሱን ነቀነቀ። ያለ መጫኛ ሄድን።

ማታ የጉና ነፋስ በሚደርስበት ከፍታ ከአንድ ገበሬ ቤት አደርን። ባለቤቱ አቶ ዓለሙ ይባላሉ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ። ቤታቸው ሲያስገቡን ከየት መጣችሁ እንኳ ሳይሉን ነው። በጎችን ወደ ጥግ ገፋ አደረጉና ቦታቸውን ለኛ ሰጡን፤ በጎቹ እንደ ባላገር ተከራክረው ነው የለቀቁት። የጉና በግ ከመንዝ በግ ጋር አንድ ነው፣ ጸጉሩ ግን ያጥራል። ይህንን ብናገር እሜቴ ተቆጡ፤ ባልናገርም መንዜነቴ ዝም አይልም።

ስንቁን ፈታሁ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ተልባ። አያ ጫኔ አንዱን ስልቻ ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ከታቹ ያለውን ዳሰሰ።

«እታለም፣ ቋንጣው የትኛው ላይ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ጳጉሜንን በፈቃዴ እጾማለሁ፤ ከልጅነቴ የያዝኩት ነው። ስንቅ ሳሰናዳ ራሴን እያሰብኩ ለሁሉም የጾም አሰናድቻለሁ። ቅቤ የለ፣ ቋንጣ የለ፣ ዓይብ የለ።

«እሜቴ» አለ አያ ጫኔ ድምፁን እንደ አልቃሽ አርዝሞ፣ «ምራትዎ እናታቸውን ብቻ አይደለም፣ እኛንም ዋልድባ ሊያስገቡን ነው!»

«ፍልሰታ ወጥታ ገና ጥርሴ ሥጋ ሳይለምድ!» አሉ እሜቴ። ግን ሲናገሩ እጃቸው ወደ ጎናቸው ሄደ። እዚያ ነጠላ የጠቀለሉባት አንዲት ቅል አለች። አያ ጫኔ ዓይኑ ቶሎ ነው።

«ያቺ ቅልስ? ቅቤ አይደለችም?»

«የራስ ቅቤ ናት፤ አፍህን አታርዝም።»

«ራስና አፍ መቼ ተራራቁ እሜቴ? ጥቂት ከበሶው ላይ...»

«ንክች የላትም!» አሉና ቅሏን ከጭናቸው ሥር አደረጉ። በልቤ ታዘብኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጸጉራቸው እንደሆነ አልቋል፤ ለምን እንዲህ ሳሱባት አልኩ።

ወይዘሮ የሺ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከጓዳዋ እርጎ አምጥታ ለሁለቱ ሰጠች፤ ለኔ ድንች ቀቀለችልኝ። ድንች በኛ አገር ሳለሁ ብዙም አላውቀውም ነበር። በጨው ሲበሉት የጾመኛ ወዳጅ ነው።

ጳጉሜን አንድ

ዝናቡ ሌሊቱን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አላባራም። አቶ ዓለሙ በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን አዩና፣ «ዛሬ የምትሄዱት ወደ ታች ነው፤ ተንሸራታችሁ ነው የምትደርሱት። እደሩ» አሉ።

እኔ ቀን እየቆጠርኩ አልተቀመጥኩም፤ ተቁነጠነጥኩ እንጂ። አንድ ትርፍ ቀን ነበረኝ፤ እሱም በዝናብ ሄደ። እሜቴ ግን ወይዘሮ የሺ እሳት ጋ ተቀምጠው የአገሩን ሰው ዘር ሁሉ ቆጥረው፣ መጨረሻ ላይ ከአቶ ዓለሙ ጋር በአራተኛ ቤት ተዛመዱ። ከዚያ በኋላ ዶሮ ታረደ። አያ ጫኔ አጥንት ይዞ እኔን እያየ፣ «ጳጉሜን መልካም ናት» ይላል።

ስለ መጫኛው ስነግራቸው አቶ ዓለሙ ደነገጡ። የራሳቸውን ሊሰጡን ቢፈልጉም ባለፈው የጣልያን ወታደሮች ለእንጨት መጎተቻ ወስደውባቸዋል። የቀረላቸው የጣልያን የቆርቆሮ ጣሳ ብቻ ነበር፤ በሱ እህል ይሰፍሩበታል። «ለወሰዱት የሰጡን ይህን ነው» ብለው ሳቁ። ስንወጣ ግን ሁለት ገሳ ሰጡን። ገሳ የሣር ካባ ነው፣ ዝናብ ይመልሳል። መንዝ ላይ ዝናብን በባና ነው የምንችለው፤ ባና ግን ሲረጥብ በግ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። ገሳ ለብሳችሁ ስትሄዱ የተነሣ የሣር ክምር ትመስላላችሁ እንጂ ደረቅ ናችሁ።

ጳጉሜን ሁለት

ቁልቁለቱ ላይ ያ የነገርኳችሁ ጭቃ ጀመረ። ፈረሱ አንድ ቦታ ላይ አራቱም እግሩ ሄደና በጭነቱ ተቀመጠ። አያ ጫኔ ጅራቱን፣ እኔ ልጓሙን ይዘን ጎተትን። እሜቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው ሁለታችንንም ያዝዙናል።

«ጫኔ፣ ወደ ላይ! አንቺ መንዜ፣ ወደ ፊት!»

«እሜቴ፣ እሱ እኮ ወደ ታች ነው የሚሄደው!»

ፈረሱ ሲነሣ የበሶው ስልቻ ጭቃ ውኃ ጠጥቶ ነበር። ማታ ስንፈታው በሶው ውስጡ ቦክቷል፤ ስልቻው አንድ ትልቅ ጭብጦ ሆኖ ወጣ። አያ ጫኔ በቢላ እየቆረሰ አደለን። ከነጭቃው ሽታው በላነው፤ ስለ ቋንጣ ያን ማታ የተናገረ የለም። ያደርነው ከአንድ ቄስ ቤት ነው። ቄሱ እግራችንን እንታጠብ ዘንድ ውኃ ሲያቀርቡ ሊያጥቡን ጎንበስ አሉ። እሜቴ እግራቸውን ሰብስበው፣ «ኧረ አባቴ፣ ይህ ጭቃ ለክህነት አይገባም!» ቢሉ፣ «ለጭቃ ነው እንጂ ለንጹሕ እግር ማን ውኃ ያፈሳል» አሉና አጠቧቸው። አንዳንድ ቤት እንዲህ ነው።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል

ጧት ጉማራ ደረስን። ከመድረሳችን በፊት ድምፁን ሰማነው። እኛ አገር ወንዝ ገደል ውስጥ ነው የሚያጉረመርመው፤ ይህ ግን ሜዳ ለሜዳ እንደ ከብት መንጋ ይመጣል፤ ቡናማ፣ ግንድ ተሸክሞ። ከወዲህ ለሩፋኤል ጸበል የመጡ ሴቶችና አዛውንት ተደርድረዋል። ከወዲያ የፍል ውኃው ጢስ ይታያል። በዚህ በኩል ሰው ይጣራል፣ በዚያ በኩል ይመልሳሉ፣ ወንዙ ሁለቱንም ይውጣል።

አንድ ድምፀ ትልቅ ሰው ማዶ ላሉት፣ «የመንዟ ወይዘሮ አስካለ አሉ?» ብሎ ጮኸልኝ። መልሱ ተቆራርጦ መጣ፤ «አሉ... እየጫኑ ነው... ነጋዴው ዛሬ እነሣለሁ ብሏል!»

በማግሥቱ ይሄዳሉ የተባሉት ዛሬ ሊሄዱ ነው። ከጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ በሶ። እናቴ ከወንዝ ማዶ፣ ጢሱ ውስጥ።

ዋናተኛ ነበረ። ከሾላው ዛፍ ሥር የተቀመጠ፣ ረጅም፣ ጸጉሩ ጎፈሬ የሆነ ሰው ነው። ከጎኑ በበግ ለምድ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያየውም። ወደሱ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ አሻግረኝ።»

«መጫኛ አላችሁ?»

እንደ ሌባ አንገቴን ደፋሁ። «ማገር ላይ ቀረ።»

«ማገር ላይ!» አለና ሳቀ። «የኔን ትናንት ወንዙ ወስዶታል። እኔ ብቻዬን እሻገራለሁ፤ ሰው ይዤ ግን ያለ ገመድ አልችልም፤ ወንዙ ከሁለት ዓለት መካከል ጠባብ ቢሆንም ጉልበቱ እዚያ ነው።»

ያን ጊዜ እሜቴ ከበቅሎዋ ወረዱ። ከሰው ሁሉ ፊት፣ ከወንድ ሁሉ ፊት፣ ነጠላቸውን ለኔ ሰጡና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ባላገር ሴት በአደባባይ መቀነቷን መፍታቷ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም። እሜቴ ዘርፌ ደግሞ ኩታቸው እንኳ ሲንሸራተት የሚያፍሩ ሴት ናቸው።

«እሜቴ!» አልኩ።

«ዝም በይ። ይህ መጫኛ አይሆንም?» አሉት ሰውየውን።

ሰውየው መቀነቷን ተቀብሎ በሁለት እጁ ጎተታት፤ አጠንክሮ ገመዳትና አያት። «ድርብ ከሆነ ይሆናል። ግን አንድ አይበቃም።»

እሜቴ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተ ጸበል ልትጠመቁ የመጣችሁ! እዚያ ማዶ አንዲት እናት ልጇን ሳታይ ልትመንን ነው። ቀሚሳችሁን በእጃችሁ ብትይዙ አትሞቱም!»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንዲት ፈታች፤ ሌላዋ ፈታች። ከዚያ ሁሉም። ነጩ፣ ጥለት ያለው፣ አዲሱ፣ የነተበው። አያ ጫኔ፣ «ድር ቢያብር...» ብሎ ሲጀምር፣ «ተረቱን ተወውና ቋጥር!» አሉት። ሰውየው ጫፉን በጥርሱ ይዞ ገባ፤ ሰምጦ ወጣ፣ ሰምጦ ወጣ፣ ማዶ ዓለቱ ላይ አሰረው። ከኛ በኩል ከሾላው ሥር ታሰረ። እኔ ሰውየው የነፋልኝን አቁማዳ ደረቴ ሥር ይዤ፣ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ መቀነቶቹን እየጨበጥኩ ተሻገርኩ። እያንዳንዷን ቋጠሮ በእጄ አውቃታለሁ።

ከኔ በኋላ እሜቴ ገቡ። ከወንዙ መካከል ላይ ሲደርሱ አንዱ ቋጠሮ ሲላላ አየሁ። አያ ጫኔ እንዳለው፣ ሲሮጡ የታጠቁት። ጮኽኩ፤ ድምፄ የት ይሰማል። ሰውየው ግን ከጎናቸው ነበር። ቋጠሮው ሲፈታ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ያዛቸው፤ ውኃው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ እግሩን ተከለና እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ። ገመዱ እሱ ሆነ። ውኃው እስከ አገጩ እየመታው፣ «በኔ ላይ ይለፉ እማማ!» አላቸው። አሮጊቷ ትከሻውን ተንጠላጥለው፣ አንገቱን ይዘው፣ ወደዚህኛው መቀነት አለፉ። እኔ እጃቸውን ይዤ ሳወጣቸው መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ቅሏ አልተሰበረችም?» የሚል ነበር። ደረታቸው ውስጥ አስረዋት ነበር።

እናቴን ከጭነቱ ጎን አገኘኋት። አጥራለች፤ ወይም እኔ ነኝ አርዝሜ ሳስባት የኖርኩት። ከእግሯ ወደቅሁ። አነሣችኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፣ ሳመችኝ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች እያየች፣ ቀሚሴን በእጄ እንደያዝኩ፣ ውኃ እየተንጠባጠብኩ፣

«መቀነትሽ የት አለ?» አለችኝ።

«ገመድ ሆነ።»

«መጫኛ ሳትይዢ ነው በክረምት የተነሣሽው? ይህን ነው ያስተማርኩሽ?»

ለዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት ድምፅ ይህ ነበር። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ነጋዴው ተለምኖ ጉዞውን ወደ ማግሥቱ መለሰው። ሁለቱ አሮጊቶች ከነቀሚሳቸው ፍል ውኃው ውስጥ ገብተው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። የሩፋኤል ዝናብ ከላይ፣ ፍሉ ከታች። እሜቴ ያቺን ቅል ከፈቷት።

«እንግዳ ከመንገድ መጥቶ ራሱ ሳይቀባ አይሸኝም። ይህ ከቤቴ የወጣ የላም ቅቤ ነው፤ ለርስዎ ብዬ ነው ከነጫኔ አፍ ያዳንኩት።»

«እኔ እኮ ነገ ከነገ ወዲያ ልላጭ ነው» አለች እናቴ።

«ሲላጩ ይላጩ። ዛሬ ግን ይጠጣ።»

እናቴ ራሷን ዝቅ አደረገች። በልቤ የታዘብኩትን ሁሉ ያን ጊዜ ከፍሉ ውኃ ጋር ለቀቅሁት። ሰርክ ላይ እናቴ መረቀችኝ፤ ያን ምርቃት አልጽፈውም፣ የኔ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ሰውየውን ፈለግሁት። ለምዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሄድ ነበር። እናቴም አብራኝ መጣች።

«ልጄ፣ ዋልድባ ገብቼ በጸሎት አስብሃለሁ። የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

ፈገግ አለ። «እማሆይ፣ ስም ዛሬ ለባለቤቱም ለሚሰማውም አይበጅም። የመቀነቱ ሰው ይበሉኝ።»

«በዚያ ስም ቅዳሴ አይነሣም ልጄ!»

ከማዶ ፉጨት ተሰማ። ጎንበስ ብሎ የእናቴን ጉልበት ሳመና ሄደ። በማግሥቱ እናቴም ሄደች። መመለሻችን ሌላ ነገር የለበትም፤ ውኃው ጎድሎ ነበር፣ አያ ጫኔ ከወዲህ ከብቶቹን ይዞ ጠበቀን፣ ወይዘሮ የሺ ዘንድ ገሳውን መለስን። መጫኛው ማገሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አይጥም አልነካውም።

አሁን ጣልያን ወጥቷል። ከዋልድባ የመጣ መነኩሴ ከእናቴ አንድ ቃል ብቻ ይዞልኝ መጣ፤ «የዚያን ሰው ስም አገኘሽ ወይ?» የሚል። በሕይወት ይኑር፣ አይኑር አላውቅም። በሕይወት ካለ ለጤናው፣ ካለፈ ለነፍሱ፣ ስሙ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከአገሬ ሰዎች አልፎ ከደረሳችሁ፣ በዚያ ዓመት በጳጉሜን ሩፋኤል ዕለት ጉማራ ዳር የነበራችሁ ሁሉ፣ እናንተ ሴቶች በተለይ፤ ስንፈታቸው መቀነቶቹ ተለዋውጠዋል። እኔ ዘንድ ያለው ጠርዙ ቀይ የሆነ፣ ከወገቡ አንድ ቦታ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ነው። ባለቤቷ ብትመጣ አጥቤ አስቀምጬላታለሁ፤ የኔ ነጩ ካንዷ ጋር ካለ ደግሞ ትታጠቀው፣ ምርቃት አለበት። ከናንተ አንዳችሁ ያንን ሰው በልጅነቱ የምታውቁት፣ ክርስትና ሲነሣ የነበራችሁ፣ ወይም እናቱን የምታውቁ ብትኖሩ፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ «ለመንዜዋ» ብላችሁ ላኩብኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅም። የክርስትና ስሙን ብቻ።